ለየትኛው ወረፋ እንሰለፍ? የኦንላይን ታንክ፣ የጦር አውሮፕላንና የጦር መርከብ ጌሞችን በኤግዚቢሽን ላይ ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ከዳሱ በላይ ግድግዳ የሚያህል ስክሪን ተሰቅሏል። ታንኩ ጭቃውን እየሰነጠቀ ይመጣል፣ መድፉ የተተከለበትን ተሽከርካሪ አናት፣ ቱሬቱን፣ ያዞራል፣ ይተኩሳል፤ ድምፁ የአዳራሹን ወለል ያንቀጠቅጠዋል። ከስክሪኑ ሥር የተሰለፈው ሰው ተጠማዞ ሌላው ዳስ ድረስ ደርሷል። ሁለት ሰዓት ቆማችሁ የምትጫወቱት አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። ወዲያ ማዶ ደግሞ ሌላ ስክሪን፣ ሌላ ታንክ፣ ሌላ ወረፋ አለ። ቀኑ አንድ ነውና ሁሉንም መሞከር አይቻልም።

ይህን ንጽጽር ያዘጋጀሁት ለዚያች ሰዓት ነው። ከ2009 ጀምሮ በጀርመኗ ኮሎኝ በሚካሄደው የጌም ኤግዚቢሽን፣ ጌምስኮም ላይ ተገኝታችሁ ይሁን በቦስተኑ ፓክስ ኢስት፣ ወይም ቤታችሁ ሆናችሁ ቀጥታ ስርጭቱን እየተከታተላችሁ፣ እነዚህ ጌሞች በማስታወቂያ ሲታዩ ሁሉም አንድ ናቸው፤ ታንክ፣ ጭስ፣ ፍንዳታ። ውስጣቸው ሲገባ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። እኔ ራሴ በአንድ ማሳያ ላይ ባየሁት ፍንዳታ ተማርኬ ገና ላልወጣ ጌም የቅድሚያ ጥቅል ገዝቼ አውቃለሁ። ጌሙ ወጣ፤ በሦስተኛው ቀን የእኔ ዓይነት እንዳልሆነ ገባኝ። ያኔ ማንም ትክክለኛውን ጥያቄ እንድጠይቅ አላስተማረኝም ነበር።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። የኤግዚቢሽን ናሙና የሚያሳያችሁ ጌሙ እንዴት እንደሚተኩስ ነው። ለወራት የሚያቆያችሁ ወይም በሳምንት የሚያባርራችሁ ግን እንዴት እንደምትሞቱና ከሞታችሁ በኋላ ምን እንደሚከተል ነው። መመዘኛዎቼ ሁሉ የሚነሱት ከዚህ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

## አዲሱን በነባሩ መለካት

ገና ያልወጣ ጌም በራሱ ማስታወቂያ አይመዘንም። በዚህ ዘርፍ አዲስ የሚመጣው ሁሉ ማለት ይቻላል ሥርዓቱን ከአራት ነባር ጌሞች (ዎርልድ ኦፍ ታንክስ፣ ዋር ተንደር፣ አርመርድ ዋርፌርና ዎርልድ ኦፍ ዋርሺፕስ) ከአንዱ ይወርሳል፤ ስለዚህ ነባሮቹን በደንብ ያወቀ ሰው አዲሱን በሁለት ደቂቃ ውስጥ «ይህ የእገሌ ወገን ነው» ብሎ ይለየዋል።

በማሳያና በመውጫ መካከል ያለውን ርቀትም አትርሱ። የዎርልድ ኦፍ ታንክስ ሠሪ ዎርጌሚንግ የአውሮፕላን ጌሙን ዎርልድ ኦፍ ዋርፕሌንስን ያስተዋወቀው በ2011 ኢ3 በተባለው የጌም ኤግዚቢሽን ላይ ነበር፤ ጌሙ የወጣው በኖቬምበር 2013 ነው። በዚያው በ2011 ኦገስት ያሳወቀው የመርከብ ጌም ደግሞ ያኔ ስሙ ዎርልድ ኦፍ ባትልሺፕስ ነበር፤ በመሀሉ ስሙ ዎርልድ ኦፍ ዋርሺፕስ ተባለ፣ ተጫዋች እጅ የገባው በሴፕቴምበር 2015 ነው። አራት ዓመት! በተቃራኒው ስቲል ሃንተርስ የተባለው የዚሁ ኩባንያ ጌም በዲሴምበር 2024 ታወጀ፣ በኤፕሪል 2025 ለተጫዋች ተከፈተ፣ በዚያው ዓመት በኦክቶበር ተዘጋ። የሚያምር ማሳያ ስላየን ጌሙ ዕድሜ ይኖረዋል ማለት አይደለም። ላልወጣ ጌም ገንዘብ አትክፈሉ የምለው ለዚህ ነው፤ እነዚህ ጌሞች ሲወጡ በነፃ የሚወርዱ ስለሆኑ ቆይታችሁ ብታዩ የሚያመልጣችሁ ነገር የለም።

## መመዘኛ አንድ፦ ጥይቱ ሲመታ ምን ይሆናል?

ሌላው ሁሉ ከዚህ ስለሚመነጭ እዚህ ላይ ቆየት እንበል።

አንደኛው መንገድ የሕይወት ነጥብ ነው። እያንዳንዱ ታንክ የተወሰነ ነጥብ ይዞ ወደ ውጊያ ይገባል፤ ብረቱን የበሳ ጥይት ከነጥቡ ላይ ይቀንሳል፤ ዜሮ ሲደርስ ታንኩ አለቀለት። ዎርልድ ኦፍ ታንክስ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ጉዳቱ ግን ቁርጥ ያለ ቁጥር አይደለም፤ ጌሙ ለዓመታት በኖረበት ሕግ መሠረት የጥይቱ ጉዳትም ሆነ የመብሳት አቅሙ ከአማካዩ 25 በመቶ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። አማካይ ጉዳቱ 240 የሆነ መድፍ አንዴ 180፣ አንዴ 300 ይመታል። 200 ነጥብ የቀረው ጠላት ከፊታችሁ ቆሞ ጥይታችሁ 185 ቢመታ፣ ጠላት በሕይወት ይቀርና መልሶ ይተኩስባችኋል። ይህን ዕጣ የሚቋቋም ሰው አለ፤ የማይቋቋም ደግሞ ኪቦርዱን ይወረውራል። ራሳችሁን እወቁ።

ሁለተኛው መንገድ ለታንኩ የሕይወት ነጥብ የሚባል ነገር አይሰጥም። በዋር ተንደር ጥይት ብረቱን ሲበሳ ስብርባሪው ወደ ውስጥ ይበተናል፤ ወሳኙ ማንን አገኘ የሚለው ነው። ሹፌሩን? ተኳሹን? ጥይት አጉራሹን? ነዳጁን? አንድ ቀን ቲ-34 በተባለው የሶቪየት ታንክ ከጉብታ ጀርባ ብቅ ስል ከጎን የመጣ ጥይት ቱሬቱን በሳው። ታንኩ አልፈነዳም። ሞተሩ ይሠራል፣ ሰንሰለቱ ደህና ነው፤ ተኳሹ ግን ሞቷል። ሌላ ምድብተኛ (ከታንኩ ሠራተኞች አንዱ) ወደ ተኳሹ መቀመጫ እስኪሻገር ድረስ ጥቂት ሰከንዶች አለፉ፤ በእነዚያ ሰከንዶች መድፉ እንዳንጋጠጠ ቀረ፣ ቱሬቱ ንቅንቅ አላለም። ማድረግ የምችለው ወደ ኋላ መሸሽ ብቻ ነበር። ሁለተኛው ጥይት የጥይት መደርደሪያውን አገኘው፤ ያን ጊዜ አበቃ። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ጉብታ ስወጣ መጀመሪያ ጎኔን የማይበት ልማድ ያዝኩ።

ሁለቱም መንገዶች የብረትን ዝንባሌ ያከብራሉ፤ እኔን ወደዚህ ዘርፍ የሳበኝም እሱ ነው። የቲ-34 የፊት ብረት ውፍረቱ 45 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን ከቁም መስመር 60 ዲግሪ ተጋድሞ ስለተሠራ በአግድም የሚመጣ ጥይት 90 ሚሊሜትር ብረት ማለፍ አለበት። የጀርመኑ ታንክ ታይገር 1 የፊት ብረት 100 ሚሊሜትር ቢሆንም ቀጥ ብሎ የቆመ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ታይገር የያዘ ልምድ ያለው ተጫዋች ታንኩን ፊት ለፊት ሳይሆን ጋደል አድርጎ ያቆማል። በዎርልድ ኦፍ ታንክስ ተራው ብረት በሺ ጥይት ብረቱን ከ70 ዲግሪ በላይ ጋድሎ ከመታ ነጥሮ ይሄዳል፤ የማይነጥረው የጥይቱ ወርድ ከብረቱ ውፍረት ከሦስት እጥፍ በላይ ሲሆን ነው። እንዲህ ያለ ሕግ ያለው ጌም ስታጠኑት ይከፍላችኋል።

በዳሱ ላይ ሁለቱን ለመለየት ቀላል ምልክት አለ። ጠላት ሲመታ ከራሱ በላይ ቁጥር ወይም አረንጓዴ መስመር የሚቀንስ ከሆነ የመጀመሪያው ወገን ነው። የታንኩ ሆድ ዕቃ ግልጽ ሆኖ ጥይቱ የሄደበት መንገድ ከታየ ሁለተኛው ነው።

## መመዘኛ ሁለት፦ ጠላትን ማን ያያል?

ስለዚህ ጉዳይ በማሳያ ላይ ማንም አይናገርም፤ ጀማሪን የሚያበሳጨው ግን ከሁሉ በላይ ይህ ነው። በዎርልድ ኦፍ ታንክስ ጠላት ስክሪናችሁ ላይ የሚወጣው እናንተ ወይም የቡድን አጋራችሁ «ሲያየው» ነው፤ ማየቱን የሚወስነው ስሌት ነው። ምንም ያህል ጥሩ መነጽር ብትገጥሙ ከ445 ሜትር በላይ ያለን ጠላት ራሳችሁ መግለጥ አትችሉም። ቁጥቋጦ ይሸሽጋል፣ መተኮስ ያጋልጣል። ስለዚህ ገላጣ ሜዳ ላይ የቆመ ታንክ ዓይናችሁ እያየ ከስክሪኑ ሊጠፋ ይችላል። ሕጉን ለተማረ ሰው ግሩም የደፈጣ ጨዋታ ነው፤ ላልተማረ ግን ጌሙ የተበላሸ ይመስለዋል።

በዋር ተንደር ሪያሊስቲክ በሚባለው የታንክ አጨዋወት ደግሞ ከጠላት ራስ በላይ ምልክት የለም። አቧራ፣ የመድፍ ብልጭታ፣ ከዛፍ ሥር ብቅ ያለ ጥቁር ጥላ መፈለግ አለባችሁ፤ ጥሩ ሄድፎን ግማሽ ዓይን ነው። በኤግዚቢሽኑ ላይ ያለው ትልቅና ደማቅ ስክሪን ይህን ሥራ ያቀልላችኋል፤ በቤታችሁ ትንሽ ላፕቶፕ ላይ ያው ጠላት ነጥብ ያህል ነው።

## መመዘኛ ሦስት፦ መሞት ስንት ያስከፍላል?

አንድ ውጊያ፣ አንድ ሕይወት፤ ይህ የዎርልድ ኦፍ ታንክስና የዎርልድ ኦፍ ዋርሺፕስ መንገድ ነው። ታንካችሁ ከጠፋ ወደ ጋራዥ ተመልሳችሁ በሌላ ታንክ ሌላ ውጊያ ትገባላችሁ፤ የመጀመሪያው ውጊያ ያለእናንተ ይቀጥላል። ይህ ፍርሃት ይፈጥራል፤ ፍርሃቱም ጥንቃቄን ያስተምራል። ዋር ተንደር ግን በአንድ የታንክ ውጊያ ውስጥ ተመልሳችሁ እንድትገቡ ይፈቅዳል፤ በሪያሊስቲክ ውጊያ ላይ በሠራችሁት ሥራ የምታገኙት ነጥብ ቀጥሎ ምን ይዛችሁ እንደምትወጡ ይወስናል። ጥሩ ከሠራችሁ ታንካችሁ ሲቃጠል በአውሮፕላን ትመለሳላችሁ፣ የገደላችሁንም ከሰማይ ትፈልጉታላችሁ።

## መመዘኛ አራት፦ ጊዜና ገንዘብ

ሁሉም በነፃ ይወርዳሉ። ክፍያው የሚመጣው በመሰላሉ ላይ ነው። ዎርልድ ኦፍ ታንክስ ለረጅም ዘመን ከ1 እስከ 10 ደረጃ ነበረው፤ በ2025 አሥራ አንደኛ ተጨምሮበታል። ታችኛዎቹን ደረጃዎች በጥቂት ቀናት ታልፋላችሁ፤ ከ7ኛ በኋላ እያንዳንዱ ታንክ የሳምንታት ሥራ ነው። በላይኛው ደረጃ ጥገናና ጥይት ስለሚወደዱ፣ ተሸንፋችሁ ስትወጡ ካገኛችሁት የጌም ብር ያወጣችሁት ሊበልጥ ይችላል። ፕሪሚየም አካውንት፣ ማለትም ገቢን የሚጨምር በገንዘብ የሚገዛ አካውንት፣ ያንን ቀዳዳ ይደፍናል፤ ሰው የሚገዛውም በዚህ ምክንያት ነው።

ዋር ተንደርም ከዚህ የተለየ አይደለም። በሜይ 2023 ኩባንያው ያቀረበው የገቢና የወጪ ለውጥ ተጫዋቾችን አስቆጥቶ ስቲም በተባለው የኦንላይን የጌም መደብር ላይ የተቃውሞ አስተያየት ጎረፈ፤ ኩባንያው ለውጡን ሰርዞ የማሻሻያ ዕቅድ አወጣ። ይህን ያነሳሁት ለመክሰስ አይደለም። የእነዚህ ጌሞች ዋጋ በአንድ ቀን የሚወሰን እንዳልሆነ፣ ከወጡ በኋላም እንደሚለዋወጥ ለማሳየት ነው። በዳሱ ላይ የምታዩት የዋጋ ሰሌዳ የነገው ላይሆን ይችላል።

አንድ ወጥመድ ግን በግልጽ ልንገራችሁ፦ ከፍተኛ ደረጃ ያለውን ታንክ በገንዘብ ገዝቶ መጀመር። ታንኩ ጋራዣችሁ ይገባል፣ ልምዱ ግን አብሮ አይገዛም። ካርታውን፣ የመደበቂያውን ቦታ፣ የብረቱን ደካማ ጎን ከሚያውቁ ሃያ ዘጠኝ ሰዎች መሀል ትገባላችሁ፤ በሁለት ደቂቃ ትሞታላችሁ፤ ቡድናችሁም ይጎዳል።

## መመዘኛ አምስት፦ ማሽንና ኔትወርክ

በአዳራሹ ያለው ኮምፒውተር የተመረጠ ነው፤ ሰርቨሩም ብዙ ጊዜ እዚያው አጠገብ ነው። እናንተ ቤት ግን ሰርቨሩ በሌላ አህጉር ሊሆን ይችላል። በቁጥር እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ታንክ በ200 ሚሊሰከንድ መዘግየት ውስጥ 3 ሜትር ገደማ ይንቀሳቀሳል፤ ከታንኩ ርዝመት ያነሰ ነውና ትንሽ አስቀድሞ በማነጣጠር ይካካሳል። በሰዓት 500 ኪሎ ሜትር የሚበር አውሮፕላን ግን በዚያው ቅጽበት 28 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ከክንፍ እስከ ክንፉ ያለው ስፋት ሁለት እጥፍ ነው። ኔትወርካችሁ ደካማ ከሆነ ታንክና መርከብ ይሻሏችኋል፤ የአየር ውጊያ ያበሳጫችኋል።

ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር፦ በዎርልድ ኦፍ ታንክስ የአውሮፓ፣ የአሜሪካና የእስያ አካውንቶች የተለያዩ ናቸው። ከመጀመሪያው ታንክ በፊት ፒንጋችሁን (ወደ ሰርቨሩ ደርሶ መልስ የሚፈጀውን ጊዜ) ለክታችሁ ክልሉን ምረጡ። በዋር ተንደር ግን በአንድ አካውንት ሰርቨር መምረጥ ይቻላል።

## አራቱ ወገኖች

ዎርልድ ኦፍ ታንክስ በ2010 በሩሲያ፣ በ2011 በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ወጣ። 15 ለ15፣ ቢበዛ 15 ደቂቃ። ቀላል ታንክ፣ መካከለኛ፣ ከባድ፣ ፀረ ታንክ፣ መድፈኛ፤ እያንዳንዱ የራሱ ሥራ አለው። ሥራ ለሚበዛበት ሰው ከሁሉ የሚመች ነው፤ ከእራት በፊት ሦስት ውጊያ ይዘለቃል። ድካሙ በላይኛው ደረጃና በዕጣው ላይ ነው። ስልክ ብቻ ላለው ሰው ከ2014 ጀምሮ ብሊትዝ የሚባለው 7 ለ7 የሆነው ታናሽ ወንድሙ አለ፤ የኮንሶሉ ስሪትም ራሱን የቻለ ጌም ነውና ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ አይደለም።

ዋር ተንደር ከጋይጂን ነው። በኖቬምበር 2012 በአውሮፕላን ተጀመረ፣ ታንኮች በ2014 ገቡ፣ መርከቦችና ሄሊኮፕተሮች ቆይተው ተጨመሩ። አርኬድ፣ ሪያሊስቲክ፣ ሲሙሌተር የተባሉ ሦስት አጨዋወቶች ስላሉት አንድ ጌም ሳይሆን ሦስት ነው ብትሉ አልተሳሳታችሁም። አርኬዱ ጥይታችሁ ይበሳ እንደሆነ በቀለም ይነግራችኋል፤ ሪያሊስቲኩ ለራሳችሁ ዕውቀት ይተዋችኋል። ተጫዋቾቹ ለእውነተኛነት ያላቸው ቅናት ከገደብ ያልፋል። በ2021 አንድ ተጫዋች የእንግሊዙ ቻሌንጀር 2 ታንክ በጌሙ ውስጥ በትክክል አልተሠራም ብሎ ለመከራከር ከወታደራዊ መመሪያ የተወሰደ ሰነድ እስከመለጠፍ ደርሷል፤ ኩባንያው ሰነዱን አንስቶታል። እንዲህ ከሚጨነቁ ሰዎች ጋር መጫወት ከፈለጋችሁ ቤታችሁ ይህ ነው። የመማሪያው ዳገት ግን ቀጥ ያለ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከየት እንደተመታችሁ ሳታውቁ ትሞታላችሁ።

አርመርድ ዋርፌር ከ1950ዎቹ ወዲህ ያሉ ተሽከርካሪዎችን ይዞ መጣ፤ ሚሳኤል የተጠመደባቸው፣ ሚሳኤል የሚያመክኑ፣ ባለ ጎማ ብረት ለበሶች። ኦብሲዲያን የተባለው ኩባንያ ሠርቶት በ2015 ክፍት ቤታ (ለሁሉም ክፍት የሆነ ሙከራ) ገባ፤ ከ2017 ጀምሮ ግን ሥራው ከኦብሲዲያን እጅ ወጥቷል። ከሌሎቹ የሚለየው አምስት ሰዎች ተባብረው ከኮምፒውተሩ ጋር የሚዋጉበት ክፍል ዋና እንጂ ማሟያ አለመሆኑ ነው። ሰው ሲሰድብ መስማት ለሰለቸው፣ ከወንድም ከእህት ጋር በሰላም መጫወት ለሚፈልግ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የተጫዋቹ ቁጥር ከሁለቱ ግዙፎች ጋር አይወዳደርም።

ዎርልድ ኦፍ ዋርሺፕስ 12 ለ12 ሲሆን እስከ 20 ደቂቃ ይሄዳል። ባትልሺፕ፣ ማለትም ግዙፉን ባለ ከባድ መድፍ መርከብ፣ ይዛችሁ ከሩቅ ስትተኩሱ ጥይቱ አሥር ሰከንድና ከዚያ በላይ በአየር ላይ ይቆያል፤ ቀጥሎ ለማጉረስ ሠላሳ ሰከንድ ገደማ ትጠብቃላችሁ። ስለዚህ የምታነጣጥሩት መርከቡ ወዳለበት ሳይሆን ወደሚደርስበት ነው፤ የጠላትን ካፒቴን ሐሳብ ማንበብ ነው ሥራው። ጥይቶቹ ሲወድቁ፣ የባሕሩ ውኃ በዙሪያው ሲነሳ፣ አንዷ የመርከቡን ልብ አግኝታ ግማሽ ሕይወቱን ስትወስድ የሚሰማው ደስታ በታንክ ጌም ውስጥ የለም። ችኩል ሰው ግን ይሰለቸዋል።

አምስተኛ ወገንም እየመጣ ነው፤ ታንኩን ብቻ ሳይሆን የየራሱ ችሎታ ያለው ገጸ ባሕርይም የምትመርጡበት። በ2025 ጌምስኮም የታወጀው ዎርልድ ኦፍ ታንክስ፦ ሂት የዚህ ዓይነት ነው። ለታሪክ ፍቅር የመጣ ሰው ከዚህ ወገን ብዙ እንዳይጠብቅ እመክራለሁ፤ ፈጣን የእግረኛ ተኩስ ጌሞችን የለመደ ግን ቶሎ ይገባበታል።

| መመዘኛ | ዎርልድ ኦፍ ታንክስ | ዋር ተንደር | አርመርድ ዋርፌር | ዎርልድ ኦፍ ዋርሺፕስ |
|---|---|---|---|---|
| ጉዳት | የሕይወት ነጥብና ዕጣ | ምድብተኛና የውስጥ አካል | የሕይወት ነጥብ | የሕይወት ነጥብና የመርከቡ ልብ |
| ቡድን | 15 ለ15 | እስከ 16 ለ16 | 5 ሰው በትብብር፤ 15 ለ15 | 12 ለ12 |
| ዘመን | እስከ 1960ዎቹ ገደማ | ከዓለም ጦርነቶቹ እስከ ዛሬ | ከ1950ዎቹ እስከ ዛሬ | ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ እስከ 1950ዎቹ |
| ከሞት በኋላ | ወደ ጋራዥ | ተመልሶ መግባት ይቻላል | እንደ አጨዋወቱ | ወደ ወደብ |
| መሣሪያ | ኮምፒውተር፤ ለስልክና ለኮንሶል ሌላ ስሪት | ኮምፒውተርና ኮንሶል አብረው | በዋናነት ኮምፒውተር | ኮምፒውተር፤ ለኮንሶል ሌጀንድስ የተባለ ስሪት |
| ደካማ ኔትወርክ | ይታገሣል | በአየር ላይ ያስቸግራል | ከሌሎቹ ይሻላል | ይታገሣል |
| የሚፈልገው ጠባይ | ጥንቃቄ | ትዕግሥትና ጥናት | መተባበር | አርቆ ማሰብ |

## አሥራ አምስቱን ደቂቃ እንዴት እንጠቀም?

አብዛኛው ሰው ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ወደፊት ይነዳል፣ ይተኩሳል፣ ይሞታል፣ ይነሳል። እናንተ መጀመሪያ ቁሙ። ቱሬቱን አንድ ዙር አዙሩ፤ ከባድ ታንክ ከባድ ሆኖ ይሰማችኋል ወይስ እንደ መኪና ይሽከረከራል? ከዚያ ወደ ቁልቁለት ውረዱና ፍሬን ያዙ። ክብደቱ ወደፊት ሲሄድ መድፉ ዝቅ ካለ፣ ሠሪዎቹ ስለ ተሽከርካሪው አስበዋል ማለት ነው። ቀጥሎ ሆን ብላችሁ አንዱን ጠላት ፊቱን፣ ሌላውን ጎኑን ምቱት፤ ውጤቱ ካልተለያየ ብረቱ ጌጥ ነው።

ከዚያ ሙቱ። አዎ፣ ሆን ብላችሁ። የገደላችሁ ከየት እንደሆነ ጌሙ ያሳያችኋል? ምን እንደተበላሸባችሁ ይነግራችኋል? ተመልሳችሁ ለመግባት ስንት ጊዜ ጠበቃችሁ? ናሙናው ላይ ሞትን የማያሳይ፣ ወይም ጠላቶቹ ሁሉ በኮምፒውተር የሚነዱ የሆኑበት ዳስ ካጋጠማችሁ ፍርዳችሁን አቆዩት።

የምትጫወቱበት ታንክ ስንተኛ ደረጃ እንደሆነም ጠይቁ። ማሳያ ላይ የሚቀርበው ብዙ ጊዜ የመሰላሉ ጫፍ ነው፤ ቤታችሁ ስትጀምሩ የምታገኙት ግን ብዙ ጊዜ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራች ትንሽ፣ ቀርፋፋ ታንክ ናት። የመጀመሪያዋን ታንክ አሳዩኝ በሉ።

## ለማን የትኛው?

በቀን ግማሽ ሰዓት ብቻ ያለው ሰው የሕይወት ነጥብና አጭር ውጊያ ወዳለበት ዳስ ይሂድ፤ ከነባሮቹ ዎርልድ ኦፍ ታንክስን፣ ስልክ ብቻ ካለው ብሊትዝን። የጦር መሣሪያ ታሪክ የሚወድ፣ የመጽሐፍ ሥዕል ላይ ተቆርጦ ውስጡ የሚታይ ታንክ ሲያይ የሚፈዝዝ ሰው ያለምንም ማመንታት የዋር ተንደርን ወገን ይምረጥ፤ አርኬድን ለሁለት ሳምንት፣ ከዚያ ሪያሊስቲክን። ጓደኞቹን ይዞ ሳይሰደብ መጫወት የሚፈልግ የትብብር ክፍል ያለውን ይፈልግ፤ ግን አዲሱ ጌም ያንን ክፍል በወጣበት ቀን ይዞት ይመጣ እንደሆነ ሳይጠይቅ ከዳሱ እንዳይወጣ። ቼዝ የሚወድ ሰው ወደ መርከቡ ይሂድ።

ገንዘብ ለማውጣት ያላሰበ ሰው መካከለኛ ደረጃ ላይ ይቆይ። ከ4ኛ እስከ 6ኛ ባለው ደረጃ ውጊያው ጥሩ ነው፣ ጥገናው ርካሽ ነው፣ ያለ ክፍያ ለዓመታት ይኖራል። ትንሽ ለማውጣት የሚችል ሰው ተሽከርካሪ ከመግዛቱ በፊት የአንድ ወር ፕሪሚየም ይሞክር፤ ወሩ ሲያልቅ ጌሙን አሁንም ከወደደው ያኔ ያስብ። ብዙ ማውጣት የሚችል ሰው እንኳ የመጀመሪያዎቹን መቶ ውጊያዎች በነፃ ታንክ ይጨርስ፤ ከዚያ የሚገዛውን ታንክ ያውቀዋል።

ከወንበሩ ስትነሱ ሠሪው አጠገባችሁ ከቆመ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁት፦ «ተሸንፌ፣ ታንኬ ተቃጥሎ፣ ምንም ሳልከፍል ከውጊያ ብወጣ፣ ነገ በዚሁ ታንክ መግባት እችላለሁ?» ስለ ግራፊክሱ ሲነግራችሁ ከነበረው በላይ ብዙ ትማራላችሁ። መልሱን በስልካችሁ ጻፉትና ወደ ቀጣዩ ወረፋ ሂዱ።